የሰቃው ቡና ከመቃጠሉ በፊት

ጅማ ደርሶ መመለስ ለወሬ የሚበቃ ነገር አይደለም። በየማለዳው ስንቱ አውቶቡስ ሰው ጭኖ ይሄዳል፣ ስንቱስ ይመለሳል። እኔ ግን ጉለሌ ተወልጄ፣ እዚያው አዲስ አበባ በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቱቦ ሳጥብና ቱቦ ስሞላ ፀጉሬ የሸበተ ሴት ነኝ። ከከተማ ልውጣ ስል ገና ሻንጣ ሳላወርድ ሰበብ ፈልጌ እቀራለሁ። ልጆቼ "እማዬ ከገበያው ማዶ አገር ያለ አይመስላትም" እያሉ ይስቁብኛል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ከቤታቸው መነሳት ለሚከብዳቸው፣ ጅማን በስሟ ብቻ ለሚያውቁ ሰዎች ነው። ደግሞም ያየሁትን ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም።

የሄድኩበት ጉዳይ እንዲህ ነው። ዘይነባ የምትባል የጅማ ልጅ ከዓመታት በፊት እኛ ዘንድ ለልምምድ መጥታ አብረን ሠርተናል። አሁን ጅማ ከተማ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ቤተ ሙከራ ተመራማሪ ናት። አባቷ አባ ፊጣ ከጅማ ወጣ ብላ በምትገኘው ሰቃ ቡና ያለማሉ። በማሳቸው ላይ አንድ ያረጀ የቡና ዛፍ ነበር፤ የአካባቢው ቡና ፍሬው እየጠቆረ ሲረግፍ እሱን ምንም የማይነካው። ዘይነባ ቅጠሉን ወስዳ ዲኤንኤውን አስነበበች። ፊደሉ አጠገቡ ካሉት በሽተኛ ዛፎች ፊደል ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ሰው ሁሉ ነገሩን ተወው። እሷ ግን "ልዩነቱ ያለው ፊደሉ ላይ ሳይሆን በፊደሉ ላይ በተቀመጡት ምልክቶች ነው" ብላ ሙጭጭ አለች።

ምልክቶቹን ላስረዳ። አባቴ የዜማ መምህር ነበሩ። በመጽሐፋቸው ላይ ከፊደሎቹ አናት የሚቀመጡ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ፤ ድምፁ የቱ ላይ እንደሚነሳ፣ የቱ ላይ እንደሚወድቅ የሚናገሩ። ፊደሉን ብቻ የገለበጠ ሰው ንባቡን ያገኛል፣ ዜማውን ግን አያገኝም። በዲኤንኤም ላይ እንዲሁ ሜቲል የሚባል ኢምንት ነገር በአንዳንዱ ፊደል ላይ ይለጠፍና ይህ ክፍል ይነበብ፣ ያኛው ዝም ይበል ይላል። አንድ ሕይወት ያለው ነገር ያሳለፈው ድርቅና በሽታ አንዳንዴ እነዚህ ምልክቶች ላይ ያርፋል።

ጣጣው የሚመጣው ዲኤንኤው ጥቂት ሲሆን ነው። ለንባብ እንዲበቃ መባዛት አለበት፤ ስናባዛው ደግሞ የሚባዛው ፊደሉ ብቻ ነው፣ አዲሱ ቅጂ ምልክት የለውም። የዘይነባ ፍሪጅ በዚያ ዛፍ ቅጂዎች የተሞላ ነበር፣ አንዳቸውም ግን ምልክት አልነበረባቸውም። መላው ከእያንዳንዱ የቅጂ ዙር በኋላ ቆም ብሎ፣ አሮጌውን ክር እያየ በአዲሱ ክር ላይ ምልክቱን የሚያኖር ኢንዛይም መጨመር ነው። እኔም አዲስ አበባ ከወጥ ቤቴ በወሰድኩት ሽንኩርት ላይ ሞክሬው ሠርቶልኝ ነበር። ከጥር ጀምሮ እመጣለሁ፣ ነይ ስንባባል ቆይተን፣ ከፋሲካ በኋላ ዘይነባ ደወለችልኝ። "እትዬ ሙሉ፣ አሁኑኑ ይምጡልኝ። ዛፉ እየሞተ ነው።"

ሰኞ

ሳይነጋ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ኢንዛይሞቹን ከበረዶ ጋር ያሸግኩበትን አይስ ቦክስ እንደ ሕፃን አቅፌዋለሁ። ረዳቱ አየኝና "እናት፣ እሱ ከላይ ይጫን" አለኝ።

"አይጫንም።"

"ዓሣ ነው?"

"ዓሣ ወደ ጅማ ምን ይሠራል? መድኃኒት ነው በለው።"

"እሺ፣ መድኃኒት ከሆነ መቀመጫ ይያዝለት" ብሎ ሳቀና ተወኝ። እኔም ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ወሊሶ እስክንደርስ እግሬ ደነዘዘ።

ወልቂጤ ለቁርስ ወረድን። ክትፎው ከቆጮ ጋር ቀረበ፤ ቆጮው ስስና ለስላሳ፣ አዲስ አበባ ጠቅልለው ከሚሸጡልን ድርቆሽ ጋር በስም ብቻ የሚገናኝ። ሳጥኑን በእግሮቼ መሃል ይዤ በላሁ። ከወልቂጤ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጊቤ ይወርዳል። ከላይ ስትወርዱ ነጠላ ያስለብሳችሁ የነበረው ብርድ በአንድ አፍታ ጠፍቶ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊታችሁን ይገርፋችኋል። እኔ የማየው ወንዙን አልነበረም፤ የሳጥኑን ክዳን በጣቴ እየነካሁ ላቡን እመረምር ነበር።

ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ጎማ ፈነዳ። ወንዶቹ ወርደው ሲጨቃጨቁ፣ እኔ ሳጥኑን ከፈት ባደርገው በረዶው ውኃ ሆኗል። ያን ጊዜ ማልቀሴ እውነት ነው፣ አልደብቅም። የሚቀጥለው ከተማ ሳጃ ስንደርስ፣ መንገድ ዳር ለስላሳ መጠጥ የምትሸጥ አንዲት ወፍራም ሴት ሱቅ ውስጥ ተንደርድሬ ገባሁና "እህቴ፣ በረዶ አለሽ?" አልኳት። ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችም። ፍሪጇን ከፍታ ውኃ ሞልታ በረዶ ያደረገቻቸውን የፕላስቲክ ጠርሙሶች አንድ በአንድ ሳጥኔ ውስጥ ደረደረችልኝ። ቦርሳዬን ስከፍት እጄን ያዘችው።

"ተይ! የሰው በሽተኛ ነው?"

"የቡና በሽተኛ ነው" አልኳት።

"ውይ፣ ለቡና ከሆነማ" አለችና የመጨረሻዋን ጠርሙስ ጨመረችልኝ። አዲስ አበባ ሰፈሬ ውስጥ የማውቀው ባለሱቅ ይህን ያደርግልኝ ይሆን ብዬ እስከ አሰንዳቦ አሰብኩ። ያደርግልኝ ይሆናል፤ ግን መጀመሪያ ሃያ ጥያቄ ይጠይቀኛል።

ጅማ መናኸሪያ ዘይነባ ዝናብ እየመታት ቆማ አገኘኋት። መጀመሪያ ሳጥኑን፣ ቀጥሎ እኔን ተቀበለች። አልጋ ልያዝ ስላት ተቆጣች። "ሆቴል? ወላሂ አባቴ ቢሰማ ቤት አያስገባኝም።" በቾ ቦሬ በሚባል ሰፈር የተከራየቻት ሁለት ክፍል ቤት ይዛኝ ሄደች። አልጋዋን ለእኔ ለቀቀችና እሷ ፍራሽ ላይ ተኛች። ብል ብሠራ አልጋዋን ልትወስድልኝ አልወደደችም።

ማክሰኞ

ጠዋት የነቃሁት በአዛን ነው፤ አዛኑ ሳያበቃ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ የቅዳሴው ድምፅ መጣ። ቁርሳችን የበቆሎ ቂጣና አቮካዶ ነበር። አቮካዶው ከግቢው ዛፍ የወደቀ ነው፤ እኛ ቤት በቀጭኑ ቆራርጠን የምንካፈለውን እዚህ እንደ ድንች በሳፋ ያቀርቡታል።

ባጃጁ በጭቃ ላይ እየዋለለ ቤተ ሙከራው አደረሰን። አንዲት ክፍል፣ አንድ ያረጀ የዲኤንኤ ማባዣ ማሽን፣ አንድ ፍሪጅ፣ በመስኮቱ ማዶ ደግሞ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ሴት ከሰል አንድደው ሻይ የሚሸጡባት የቆርቆሮ ዳስ። እኛ ዘንድ ለሚዛኑ ብቻ የተሰጠው ክፍል ከዚህ ይሰፋል። ዘይነባ ግን ሁሉን ነገር በጨርቅ ሸፍና፣ አጽድታ፣ ልክ እንደ ሙሽራ ቤት አሰናድታዋለች።

ኢንዛይሞቹ ከመንገዱ መትረፋቸውን የፈተንነው ያን ዕለት ነው። ተርፈዋል። ደስ ብሎኝ ልጨፍር ስል ዘይነባ ፊቷ አልተፈታም።

"ዛፉን የያዘው የቱ በሽታ ነው?" አልኳት።

"ፍሬ የሚያጠቁረው ሳይሆን ከሥር የሚያደርቀው። በአፈርና በስለት ነው የሚተላለፈው። የደረሰበት ዛፍ ተነቅሎ እዚያው ካልተቃጠለ ወደ ጎረቤት ያልፋል። ጎረቤቶቹ አባቴን እስከ ቅዳሜ ታግሠውታል። ለእርሱ ብለው እንጂ ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ ያቃጥሉት ነበር። እውነታቸውን ነው፣ ማል ጎና? ምን እናድርግ?"

"ስለዚህ እስከ ቅዳሜ ምልክቱን ካላወጣነው አለቀ ማለት ነው?"

"አለቀ" አለችኝ።

ረቡዕ

ወደ ሰቃ በሚኒባስ ሄድን። ከጅማ ስትወጡ መሬቱ ራሱ አረንጓዴ ይተነፍሳል። ዘግይቶ ያበበ ቡና ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ነጭ ሆኖ ቆሟል፤ ሽታው በመስኮት ገብቶ ሚኒባሱን ሞላው። ዕድሜዬን ሙሉ ቡና ጠጥቼ አበባውን አይቼው አላውቅም ነበር።

አባ ፊጣ መንገድ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሰው ናቸው። "በጋ ነጋን ዱፍቴ፣ እንኳን በሰላም መጣሽ" አሉና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ዓይኔን ግን አላዩኝም። ባለቤታቸው አዴ ሰዓዳ "መጀመሪያ ቁርስ" ቢሉም እሳቸው "አይ፣ መጀመሪያ ትየው" ብለው ወደ ማሳው መሩን።

ዛፍ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ያገኘሁት ከጉልበቴ የማይበልጥ ጉቶ ነው። በዙሪያው የበቀሉት ቀንበጦች ቅጠላቸው ተንጠልጥሎ ደርቋል። ከአንዱ ጎን ብቻ አንዲት ለጋ ቀንበጥ፣ ሁለት ጥንድ ቅጠል ይዛ፣ አረንጓዴ ሆና ቆማለች።

"ማን ነው የቆረጠው?" አልኩ ሳላስብ።

"እኔ ነኝ" አሉ አባ ፊጣ።

ዘይነባ አንገቷን ደፋች። እሳቸው ግን ለእንግዳ መንገር ግዴታቸው እንደሆነ ሁሉ ቆመው ነገሩኝ። "ጥር ላይ ልጄ ደወለችልኝ። ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣል፣ ለጋ ቅጠል ይፈልጋሉ አለችኝ። ዛፉን ወጥቼ አየሁት። ቅጠሉ ያረጀ፣ ትል የበላው። ይህን ለእንግዳ ይሰጣል? እኛ ያረጀ ቡና ሲሆን እንጎነድለዋለን፤ ከጉቶው አዲስ ይወጣል፣ ሰባት ስምንት ዓመት እንደገና ያፈራል። አባቴም እንደዚያ አድርጎታል፣ እኔም አድርጌዋለሁ። እንግዳዋ እስክትመጣ ለጋው ይደርሳል ብዬ ጎነደልኩት።"

"ጥሩ አድርገዋል እኮ" አልኩ።

"አይደለም። ያን ጠዋት በደቦ የጎረቤቴን የደረቀ ቡና ስቆርጥ ነው ያረፈድኩት። ገጀራውን በቅጠል ጠረግኩት፣ ሁልጊዜ እንደምናደርገው። በሽታው በገጀራው ነው የገባው። ምንም ያላሸነፈውን ዛፍ እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ለእንግዳ ብዬ።"

ምን ትላላችሁ እንዲህ ላለ ሰው? እንግዳዋ እኔ ነኝ። ጎረቤታቸውን ረድተው፣ የማያውቋትን ሴት ለማክበር ብለው የሚወዱትን ዛፍ ቆርጠው፣ ሁለቱም ደግነት አንድ ላይ ሆኖ ጎዳቸው። አጠገባቸው ቆሜ እጄን ትከሻቸው ላይ አደረግኩ፤ ተገቢ ይሁን አይሁን አላወቅኩም፣ እሳቸውም አላነሱትም።

ከዚያ ክርክሩ መጣ። አባ ፊጣ ያቺን አንዲት ቀንበጥ ቆርጠው በጤነኛ ችግኝ ግንድ ላይ ማጣበቅ ነበር ሐሳባቸው። ምናልባት በሽታው ጫፏ አልደረሰ ይሆናል። ዘይነባ ደግሞ "ቢጣበቅም ምልክቶቹን ይዞ መቆየቱን በምን እናውቃለን? ካልተነበበ ከየትኛው ጋር እናስተያየዋለን?" አለች። ለተለመደው ንባብ የቀንበጧ ቅጠል በሙሉ ቢፈጭ ነው የሚበቃው። ቅጠሏን ካጣች ደግሞ ቀንበጧ ትሞታለች።

"ከቅጠሏ ጠርዝ የጤፍ ፍሬ የምታህል ብቻ ስጡኝ" አልኩ። "ሌላው ለእርስዎ ይሁን።"

አባ ፊጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። "የጤፍ ፍሬ?"

"እናባዛዋለን። ምልክቱ ሳይጠፋ ለማባዛት ነው የመጣሁት።"

"ከጠፋስ?"

"ከጠፋ ቀንበጧ ብቻ ትቀራለች" አልኳቸው። ለመዋሸት አልደፈርኩም።

ምላጩን በአልኮል ወልውዬ ሰጠኋቸው። እጃቸው ከእኔ ይልቅ የረጋ ነበር። መጀመሪያ ከቅጠሏ ጠርዝ ጥቂቷን ቆርጠው ቱቦዬ ውስጥ ጣሉልኝ፣ ቱቦው ውስጥ መኖሯን ለማየት ዓይኔን ማጥበብ ነበረብኝ። ከዚያ ቀንበጧን ጠርበው፣ በፕላስቲክ ከረጢት በበቀለች ችግኝ ግንድ ላይ ሰክተው፣ በላስቲክ አሰሩዋትና ከቤቱ ጀርባ ጥላ ሥር አስቀመጧት። "ቢስሚላህ" ሲሉ ሰማኋቸው።

ለምሳ ዶሮ ወጥ ቀረበ። ሃምሳው ቀን ስላላለቀ ረቡዕ መሆኑ አላሳሰበኝም፤ ያሳሰበኝ ሌላ ነው፣ እኔ ክርስቲያን፣ ቤቱ የሙስሊም። ምን ብዬ እንደምመልሰው ስጨነቅ አዴ ሰዓዳ ሳቁብኝ። "ብይ፣ ብይ! ጎረቤታችን አቶ በቀለ ነው የባረከልሽ። ጠዋት እኛው ነን ዶሮውን ይዘን የሄድነው። ወጡ ያንቺ ብቻ ነው፣ ድስቱም ከእነሱ ቤት ነው።" እነሱ ከሌላ ሰሃን ገንፏቸውን ቅቤ እያጠቀሱ በሉ። በዚያ ሐዘን መካከል የእኔን ሃይማኖት አስበው ድስት ተውሰዋል። ወጡም ልንገራችሁ፣ እኔ ከምሠራው ይበልጣል።

ሐሙስ

የጤፍ ፍሬ የምታህለዋን ቅጠል ፈጨን፣ አጠብን፣ አጣራን። በመጨረሻ ቱቦው ውስጥ የቀረው ውኃ የሚመስል ጠብታ ነው፤ ከዛፉ በእጃችን ያለው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ጠብታውን የሚፈላ ውኃ ውስጥ ስትነክሩት ሁለቱ ክሮች ይለያያሉ። አቀዝቅዛችሁ ሁለት ኢንዛይም ትጨምራላችሁ። አንዱ ለእያንዳንዱ ክር አዲስ ጥንድ ይሠራል፤ ሌላው ተከትሎ አሮጌው ክር ላይ ምልክት ባለበት ሁሉ አዲሱ ላይ ያኖራል። ይህን በሰው ገላ ሙቀት ነው የሚሠሩት። ከዚያ እንደገና መፍላት፤ መፍላቱ ሁለቱንም ኢንዛይም ይገድላቸዋል፣ እንደገና አዲስ መጨመር ነው። በየዙሩ እጥፍ ይሆናል። ምልክት ሰሪው ሳይጨርስ ከፈላ ግን ያልደረሰበት ቅጂ ምልክት አልባ ሆኖ ይቀራል፣ የሚቀጥለውም ዙር ስህተቱን ያባዛል።

ጥቂት ዙር እንደሄድን መብራት ጠፋ። ማሽኑ ድርግም አለ። ጄኔሬተር የለም። ፍሪጁ ውስጥ ያለው ኢንዛይም መሞቅ ሊጀምር ነው፣ ጠብታዋም መሃል መንገድ ላይ ናት። እኔ እንደልማዴ "አለቀልን" ብዬ ወንበር ላይ ወደቅኩ።

ዘይነባ ቱቦዎቹን አነሳች። ሂጃቧን አሸሸችና በብብቷ ሥር አደረገቻቸው።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"የሰው ገላ ሙቀት አይደል የሚፈልጉት፣ እትዬ ሙሉ? እኔም ሰው ነኝ።"

ለሚፈላው ውኃ ደግሞ በመስኮት ብቅ ብዬ ወይዘሮ አስካለን ለመንኩ። የሻይ ማንቆርቆሪያቸውን ከከሰሉ ላይ አንስተው ንጹሕ ብረት ድስት ጣዱልኝ። ደንበኞቻቸውን "ዛሬ ሻይ የለም፣ የዘይነባ ቡና እየፈላ ነው" ብለው መለሷቸው። ጅማ ላይ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ክሮቹን ለመለየት ልክ ይበቃል። ከድስቱ ወደ ብብት፣ ከብብት ወደ ድስት፤ ከሰዓቱ ሁሉ እንዲህ ሄደ።

አንድ ጊዜ ኢንዛይሞቹን ያስቀመጥንበት በረዶ ማለቁን አይቼ "በቃ ቶሎ እናፍላው፣ ኢንዛይሙ ሳይበላሽ ሌላ ዙር እንድረስ" አልኳት። "አይሆንም" አለች። "ገና እየጻፈ ነው። ይጨርስ።" እጇን አጥብቃ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አየኋት። በዚያች ልጅ ብብት ሥር፣ በጠብታ ውኃ ውስጥ፣ ዓይን የማያየው ነገር አሮጌውን ክር እየዳሰሰ "እዚህ ነበር፣ እዚህም ነበር" እያለ አንዱን ሳይዘል እያኖረ ነው። በየሰውነታችን ውስጥ ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር ይህ ሥራ ይሠራል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ፣ አሁንም ስጽፍ። ሰላሳ ዓመት በሙያው ኖሬ ያን ቀን ነው የገባኝ። የፈጣሪን ስም ጠራሁ፣ እሷም በራሷ አጠራር "ሱብሃነላህ" አለች።

መብራት የመጣው የመጨረሻውን ዙር ከጨረስን በኋላ ነው።

ዓርብ

ውጤቱ በመስመር የሚታይበት ጄል የሚባለው የረጋ ነገር የሚደርሰው ከሰዓት ነበር። ዘይነባ ጁምዓ ሄደች፣ እኔን "እዚህ ተቀምጠው አይብሰክሰኩ" ብላ ባጃጅ ላይ ጭና የድሮው የጅማ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ወዳለበት ጅሬን ሰደደችኝ። ጅማ የመጣ ሰው ሁሉ ቤተ መንግሥቱን ያያል። እኔ ግን አየሁት ማለት አልችልም። የእንጨቱን ሥራ፣ ሰገነቱን፣ ከላይ የሚታየውን ከተማ አስጎብኚው በደንብ ነገሩኝ፤ አንዱንም አልሰማሁ። እንደ ቱሪስት ቆሜ የማስበው ስለ አንዲት ጠብታ ውኃ ነው። እኒያ ደግ ሰው ያመመኝ መስሏቸው ወንበር አመጡልኝ፣ ውኃም አጠጡኝ።

ፈተናው ቀላል ነው። ምልክት የሌለበትን ቦታ የሚቆርጥ፣ ምልክት ያለበትን መቁረጥ የማይችል መቀስ አለ፤ እሱም ኢንዛይም ነው። ሦስት መስመር አዘጋጀን። በግራ ዛፉን በድሮው መንገድ ያባዛነው፤ ምልክት ስለሌለው ይቆረጣል፣ ይጠፋል። በመሃል የትናንቱ ቅጂ፣ በማንኛውም ቡና ላይ ምልክት እንዳለበት የታወቀ ቦታ፤ ምልክቱ ከተረፈ አይቆረጥም፣ ያበራል። በቀኝ ያው የትናንቱ ቅጂ፣ ግን በጭራሽ ምልክት የማይገኝበት ቦታ፤ እሱም መጥፋት አለበት። እሱ ከበራ ኢንዛይማችን ያልነበረ ምልክት ፈጥሯል፣ ውሸታም ነው ማለት ነው።

ከሰዓት ሁለታችንም ተመልሰን መጋረጃውን ዘጋን። ሰማያዊው መብራት በራ። ግራው ጨለማ ነው። ቀኙ ጨለማ ነው። መሃሉ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ታበራ ነበር።

ዘይነባ ጠጋ አለች። ጣቷን በመስታወቱ ላይ፣ ከመስመሯ በላይ አስቀመጠች፣ ስታነሳው ትንሽ እንፋሎት ቀረ። "እትዬ ሙሉ፣ እውነት ነው?" አለችኝ። "እውነት ነው" አልኳት። ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን እንደ ሕፃን አለቀስን። በሁለቱ ክሮች ትይዩ የሚቀመጡትን ምልክቶች ነው ያተረፍነው እንጂ ሁሉንም አይደለም፤ እሷም እኔም እናውቃለን። ለዚያች ሰዓት ግን በቅቶን ነበር።

ቅዳሜ

ሰቃ ስንደርስ ጎረቤቶቹ ማሳው ዳር ተሰብስበው ቆመዋል። ጉቶው ከነሥሩ ተቆፍሮ ወጥቷል፣ ደረቅ ቅርንጫፍ ተከምሮበታል። ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ችግኝ መጀመሪያ አየን፤ የተጣበቀችው ቀንበጥ አልጠወለገችም። ትያዝ አትያዝ ይህን ስጽፍም ገና አልለየም። ቱቦዎቹም እዚህ አዲስ አበባ የንባብ ተራቸውን እየጠበቁ ናቸው።

"ተገኘ?" አሉ አባ ፊጣ።

"ተገኘ፣ አባ" አለች ዘይነባ። "መድረሳ ሳለሁ ሐረካ፣ የድምፁ ምልክት፣ የሌለውን ዓረብኛ ማንበብ ሲያቅተኝ እርስዎ አልነበሩ በእርሳስ የሚያስገቡልኝ? ድሮ እኛ ያባዛነው ሐረካ አልነበረውም። አሁን አለው። ከነሐረካው ብዙ ሆኗል።"

አባ ፊጣ ጠጋ አሉ። "ይህ ዛፍ የኖረው ኑሮ እዚያ ላይ አለ ነው የምትይኝ? በሽታው፣ ያ የድርቅ ዓመት?"

"ሁሉም ባይሆን፣ ከፊሉ አለ።"

"የቆረጥኩትስ?"

ዘይነባ ዞራ አየችኝ።

"ሊኖር ይችላል፣ አባ" አለች። "ቀንበጧ የወጣችው ከቆረጡት በኋላ ነው። እሱም ተጽፎ ሊሆን ይችላል።"

"እሱን ብቻ ለይታችሁ ማጥፋት ትችላላችሁ?"

"አንችልም። የዛፉን እንዳለ ነው የምንይዘው።"

አባ ፊጣ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንኳንም አልቻላችሁ። ይኑር። የሚያነበው ሰው አንድ ሽማግሌ ለእንግዳ ብሎ እንደቆረጠው ይወቅ።"

ከጎረቤቶቹ አንዱ ክብሪት ይዞ ቀረበ፣ ሊያግዛቸው። ተቀበሉትና ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ጎንበስ ብለው፣ እሳቱን ራሳቸው ለኮሱት።